«ኔትወርክ የለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአይቲ ድጋፍ ሥራ ከጀመርኩ ገና አንድ ወሬ ነው። ከዕቃው ይልቅ ያስቸገረኝ ቃሉ ነው። «አዲሷን ልጅ ጥሯት፣ ኔትወርክ የለም» ይባላል። ሄጄ ሳይ አንዴ ገመድ ነው፣ አንዴ ኢንተርኔት ነው፣ አንዴ ደግሞ የይለፍ ቃል ተሳስቶ ነው። ሜሞሪ፣ ሲፒዩ፣ ፖርት የሚሉትም እንደዚያው ግራ ያጋቡኛል። ትርጉማቸውን ብታብራሩልኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ መጋባትሽ ትክክል ነው። እነዚህ ቃላት አማርኛ ውስጥ ከገቡ በኋላ ትርጉማቸው ፈቀቅ ብሏል።

ከኔትወርክ እንጀምር። ሥሩ መረብ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ገመድ ተያይዘው ፋይል ከተለዋወጡ ኔትወርክ አለ፤ ኢንተርኔት ባይኖርም። አማርኛው ይህን ልዩነት አሳምሮ ይዞታል። ኔትወርክ አውታረ መረብ፣ ኢንተርኔት ደግሞ በይነ መረብ ተብሏል። «በይነ» ግዕዝ ነው፤ መካከል ማለት ነው። ስለዚህ በይነ መረብ በመረቦች መካከል የተዘረጋ ግንኙነት ነው። እሱ ሲቋረጥ የቢሮው መረብ ደህና ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን ይደባልቀዋል? ከሞባይል የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ብዙዎቻችን «ኔትወርክ» የሚለውን ቃል የለመድነው በስልክ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሲግናል ማለት ነው። ያው ቃል ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥም ከአፋችን ይወጣል።

እኔ ራሴ በዚህ ቃል ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። «ኔትወርክ ጠፋ» ተብሎ ተደወለልኝ። በስልክ ሆኜ ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት አደረግኩ፤ ሁለት ጊዜ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሄድኩ። ድረ ገጾች ሁሉ ይከፈታሉ! ጠፋ የተባለው ፕሪንተሩ ነው። ከጀርባው የተሰካው የኔትወርክ ገመድ ግማሽ ያህል ወጥቷል። ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለ፤ ከመሰኪያው ጎን ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምን ሊያደርጉ ሲሉ ነው እምቢ ያለዎት?»

ሜሞሪም እንደዚሁ ነው። «ሜሞሪዬ ሞላ» የሚልሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ማከማቻ ነው፤ ስለ ሃርድ ዲስክ ወይም ስለ ሜሞሪ ካርድ። ባለሙያው ሜሞሪ ሲል ግን ራም ማለቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በውስጡ ያለው አብሮ የሚጠፋው። «ማህደረ ትውስታ» የሚለው አማርኛ ለራም ጥሩ ነው፤ አሁን የሚያስበውን የሚይዝበት ቦታ ነውና። ለዲስክ «ማከማቻ» በይ። ሲፒዩ ደግሞ በብዙ ሰው አፍ ጠረጴዛ ሥር ያለው ሣጥን በሙሉ ነው። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ትእዛዞችን የሚፈጽመው አንጎል፣ በሣጥኑ ውስጥ፣ በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ነው። «ሲፒዩው አይነሳም» ከተባልሽ መጀመሪያ የኃይል ገመዱን እዪ።

ፖርት ከላቲን የመጣ ነው፤ በር ማለት ነው። ጣጣው ሁለት ዓይነት በር መኖሩ ነው። አንዱ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው፤ በዓይን ይታያል። ሌላው በመረብ የመጣው መልእክት ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 65535 ይሄዳል። ለምሳሌ ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ በተለምዶ የሚገባው በ443 ነው። «ፖርቱ ተዘግቷል» ሲሉሽ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ነው፣ የዘጋውም ፋየርዎል፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ጠባቂ፣ ነው።

ስዊች ሲባል ጆሯችን ወዲያው የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ይሰማል። እዚህ ግን ሥራው ማዞር ነው። በአንድ መረብ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን ያገናኛል፤ የመጣውን መልእክት የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ) አይቶ ወደ ባለቤቱ ያዞረዋል። ራውተር አንዱን መረብ ከሌላው ያገናኛል፤ የሚያየውም አይፒ አድራሻን፣ መሣሪያው በመረቡ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ነው። ሞደም የኢንተርኔት መስመሩን ሲግናል ወደ ውሂብ፣ ውሂቡንም ወደ ሲግናል ይለውጣል፤ ስሙ ሞዱሌተር እና ዲሞዱሌተር የሚሉት ቃላት ተቆርጠው የተገጣጠሙበት ነው። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ዕቃ ይጠቃለላሉ። ሰው «ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁት» ካለሽ ያንን ዕቃ ማለቱ ነው።

አድራሻ የሚለው ቃል አያስቸግርም፣ ቁጥሩን ማንበብ ግን ልመጂ። በ192.168 የሚጀምር አይፒ የውስጥ አድራሻ ነው፤ ተመሳሳዩ በሌላም መረብ ውስጥ ይኖራል። በ169.254 የሚጀምር ካየሽ ደግሞ ኮምፒውተሩ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ጠይቆ መላሽ አጥቷል፤ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ያኔ ገመዱን ወይም አድራሻ አዳዩን፣ ዲኤችሲፒውን፣ መርምሪ።

እኔ የምወደው ቃል ፒንግ ነው። በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ስሙን ከሶናር ድምፅ ወሰደው። ሶናር ውኃ ውስጥ ድምፅ ይለቅና ማሚቶውን ያዳምጣል። ፕሮግራሙም አጭር መልእክት ልኮ «አለህ?» ይላል፤ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደደረሰ ይቆጥራል። ሰዋስዉን ልብ በይ። አማርኛ ድምፅን በ«አለ» ነው የሚናገረው፤ ቀጭ አለ፣ ጢው አለ። ባዕድ ግሥ ሲመጣ ግን «አደረገ» ይሰጠዋል፤ ሪስታርት አደረገ፣ ሃንግ አደረገ። ፒንግ ሲፈጠር የድምፅ ቃል ነበር። ወደ እኛ የደረሰው ግን ግሥ ሆኖ ስለሆነ «ፒንግ አድርጊው» እንላለን።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ታዲያ ሁሉንም በአማርኛ ብጠራው አይሻልም?

መልስ፦ እንደ ቃሉ ነው። ለዳታ የወጣውን «ውሂብ»ን ውሰጂ። ዳታ በላቲን «የተሰጡ ነገሮች» ማለት ነው። ውሂብም ከግዕዙ ወሀበ፣ ሰጠ፣ የወጣ ነው። ትርጉሙ ከነሥሩ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ቃል ሊነገርለት ይገባል። ሰርቨርን ግን «አገልጋይ» ብለሽ «አገልጋዩ አይሠራም» ብትዪ ሰሚው የሚያስበው ሰው ነው። ተዪው፣ ሰርቨር ይሁን።

ፓኬትም፣ ውሂብ በመረብ ሲላክ የሚከፋፈልበት ቁራጭ፣ የሚገርም ታሪክ አለው። ቃሉን በ1960ዎቹ የመረጠው ብሪታኒያዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዶናልድ ዴቪስ ነው። ሲመርጥ የቋንቋ ባለሙያ አማክሯል፤ በሌሎች ቋንቋዎችም አቻ እንዲኖረው ፈልጎ። ለእኛ «ጥቅል» ይስማማው ነበር፤ ዛሬ ግን ጥቅል ሲባል ሰው የሚያስበው በሞባይል የሚገዛውን የኢንተርኔት ጥቅል ነው። እኔ «እሽግ» እላለሁ።

አንድ ልጨምርልሽ፤ ቢት እና ባይት። ቢት ትንሿ የውሂብ መለኪያ ናት፤ 0 ወይም 1። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ባይት የሚለውን ቃል በ1956 የፈጠረው ቨርነር ቡክሆልዝ፣ በእንግሊዝኛ ከቢት ጋር እንዳይምታታ ብሎ ሆን ብሎ አንድ ፊደል ቀይሮበታል። እኛ ግን ሁለቱንም «ሜጋ» ብለን ስለምንቆርጣቸው መልሰን አምታታናቸው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። አንድ ቀን «የ100 ሜጋ መስመር አለኝ፣ ሲያወርድ ግን 12 ብቻ ያሳየኛል» የሚል ሰው ይደውልልሻል። ገመድ መነቃቀል አትጀምሪ። 100ን ለ8 አካፍለሽ አሳዪው፤ 12.5 ነው። መስመሩ ጤነኛ ነው።