ኦል ኢንክሉሲቭ ለሐበሻ ቤተሰብ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ልጆች አሉን፤ 11፣ 7 እና 3 ዓመት። እናቴም አብራን ናት። ባለቤቴ ዘንድሮ ሜክሲኮ፣ ካንኩን ኦል ኢንክሉሲቭ (ማደሪያውም ምግቡም በአንድ ክፍያ የሆነበት ሆቴል) እንሂድ ብሎ ተነስቷል። እኔ ደግሞ ትንሽ ጨምረን ለምን አገር ቤት አንሄድም እላለሁ። በዚህ ነገር ሁለት ሳምንት ተነታርከናል። የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ልጆችና እናት ይዞ ይኬዳል? ወይስ የሙሽሮች ነገር ነው?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እኛ ከዚህ ከቨርጂኒያ ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው የሞኝ ጉዞ ነበር። ሁለተኛው ጥሩ ነበር። ስለ መጀመሪያው ላውራሽ፣ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

የሄድነው ነሐሴ ላይ ነው። የምሠራው ነርሲንግ ሆም ነው፤ ፈቃድ የሰጡኝ ያኔ ነው። ዋጋ አየን፣ ከፈልን፣ አለቀ። ካላንደር ያየ ሰው የለም። ልንሳፈር ሦስት ቀን ሲቀረን እናቴ ሻንጣዋን እያጠፈች፣ "ልጄ፣ ፍልሰታ እኮ ነው" አለችኝ። እግሬ ነው የተሳሰረው። ገንዘቡ አይመለስም። ቀን ከሌሊት ለሚቀርብ ሥጋና አይስክሬም ከፍለን፣ እኔና እናቴ ሐብሐብ ስንበላ ሰነበትን።

ያውም ሐብሐቡ ከተገኘ ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የምሳው ቡፌ ደግሞ የሚነሳው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባዶ ሳህን ይዛ ስትደርስ አስተናጋጆቹ ትሪዎቹን እያነሱ ነበር። አንዱ ልጅ አያት፤ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ወደ ጓዳ ሮጦ ሩዝና የተፈጨ ጥቁር ባቄላ ይዞላት መጣ። እኔም ባቄላ ነው፣ የጾም ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ማንኪያ እንደበላች፣ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ የምትማረው ልጄ በምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። "ማንቴካ" አላት። የአሳማ ስብ ማለት ነው። እናቴ ማንኪያውን አስቀምጣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከዚያ በኋላ ያን ሳምንት ሙሉ በአቮካዶ፣ በቲማቲምና ከቦርሳዋ በምታወጣት ሚጥሚጣ ነው የከረመችው።

ስለዚህ ሜክሲኮ ከሄዳችሁ ጠይቁ። የተፈጨው ባቄላ ብዙ ጊዜ በማንቴካ ነው። የስንዴው ቶርቲላም ሊኖርበት ይችላል። የበቆሎው ይሻላል። ሩዙን ደግሞ በዶሮ መረቅ የሚሠሩበት ቦታ አለ። ሙስሊም እህቶቼም ይሄን ልብ በሉት፣ ለናንተ ከጾም ወጥቶም ችግር ነው።

ቤት ስገባ ተናድጄ ካላንደር ከካላንደር አስተያየሁ። የልጆቹ ዕረፍት በሙሉ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው! የታኅሣሡ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። የጸደዩ ዕረፍት፣ ስፕሪንግ ብሬክ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሐዋርያት ጾም ተይዟል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ። የሚተርፈው ከሐምሌ 5 በኋላ እስከ ነሐሴ 1 ዋዜማ ነው። በፈረንጁ ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6፤ 25 ቀን ብቻ። እሱም ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁለተኛውን ጉዞ ሐምሌ 10 አደረግነው፤ ቅዳሜ ገብተን ማክሰኞ ማታ ተመለስን። ባለቤቴ እስካሁን በዚህ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲይዝ። "ልጆች በነጻ" የሚለውም ብዙ ጊዜ ከሁለት ትልቅ ሰው ጋር ለሚያድሩ አንድ ወይም ሁለት ልጆች ነው። አብዛኛው ክፍል ከአራት ሰው በላይ አይቀበልም። እናንተ ስድስት ናችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ክፍል አስቡ፣ በመካከላቸው የውስጥ በር ያለው። ይሄን ደውላችሁ በጽሑፍ አስይዙ። እኛ የመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱን ክፍል የሰጡን በተለያየ ፎቅ ነበር። ባለቤቴ ከወንዶቹ ጋር ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከእናቴና ከሴቷ ጋር ምድር ቤት። የተፋታን ነበር የምንመስለው።

ሁሉም ተከፍሏል ቢሉም ሁሉም አልተከፈለም። ከኤርፖርት የሚወስደው መኪና አለ። ካንኩን ላይ በየሌሊቱ በክፍል የሚከፈል የአካባቢ ጥበቃ ግብር አለ። ቲፕ አለ፤ አንድ አንድ ዶላር ዘርዝራችሁ ያዙ። ኤርፖርት ወይም ሎቢ ላይ ፈገግ ብሎ "ነጻ ቁርስ ልጋብዛችሁ፣ 90 ደቂቃ ብቻ" የሚል ሰው ካገኛችሁ እለፉት። የሆቴል ድርሻ ሊሸጥላችሁ ነው። ባለቤቴ ለቅናሽ ትኬት ብሎ ገብቶ ግማሽ ቀን በላበት። ልጆቹ ፑል ውስጥ ሆነው "አባ የት ሄደ?" ይላሉ።

ባሕሩስ? የካንኩን የሆቴሎች ሰፈር ቅርጹ እንደ ቁጥር 7 ነው። ረጅሙ ጎን ወደ ክፍቱ ባሕር ነው የሚያየው፣ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው። ከላይ ያለው አጭሩ ጎን ግን ከፊቱ ኢስላ ሙሄሬስ የሚባለው ደሴት ስላለ ውሃው የተኛ ነው። ለ3 ዓመት ልጅ እሱ ነው የሚሆነው። እኛ በፎቶው ውበት ተታለን ረጅሙ ጎን ላይ ያዝን። ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ልጆቹ አሸዋ ሲቆፍሩ ዋሉ። ሌላው፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አካባቢ ሳርጋሰም የሚባል የባሕር አረም ዳርቻው ላይ ይከመራል፤ ሲበሰብስ ይሸታል። የኛ 25 ቀንም እዚያው ውስጥ ናት፣ ምን ይደረግ። በአጭሩ ጎን ግን ይቀንሳል።

ፑሉ ላይ ላይፍጋርድ (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው) ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፣ ብዙዎቻችን አንችልም። ከመሄዳችን በፊት ልጆቹን የካውንቲው መዋኛ ውስጥ አስመዘገብናቸው። ለጉዞው ካወጣነው ገንዘብ የማይቆጨኝ እሱ ነው።

ኪድስ ክለብ የሚሉት የልጆች መዋያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ነው። የ11 ዓመቱና የ7ቱ ይፈነጥዙበታል። ትንሿን አይቀበሏትም። ስለዚህ ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ጠዋት እሱ ይያዛት፣ ከሰዓት አንቺ። ይሄን ሳትነጋገሪ ከሄድሽ ቤትሽ ውስጥ የምትሠሪውን ሥራ ባሕር ዳር ወስደሽ ነው የምትሠሪው። እናትሽንም ሞግዚት እንዳታደርጊያት።

ይሄን ሁሉ ካወራሁ በኋላ "ታዲያ ለምን ደገምሽ?" ትይኝ ይሆናል። በዚያ በተበላሸው ጉዞ እንኳ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ወንበር ላይ ጋደም ብዬ አንድ ነገር ገረመኝ። ማንም "እማ፣ ራት ምንድነው?" አላለኝም። ወጥ አልጣድኩም። ምሳ ዕቃ አላጠብኩም። ልጆቼ ርቧቸው ራሳቸው ሄደው፣ በልተው፣ ተመለሱ። ማታ ፈረቃ ገብቼ ጠዋት ልጅ የማደርስ ሰው ነኝ። ከወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቀን ትዝ አይለኝም።

አገር ቤት ያልሽውን በደንብ እረዳለሁ። ግን ሁለቱን አታወዳድሪ። አገር ቤት ስንሄድ በነፍስ ወከፍ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዘን ነው፤ ከዚያ ውስጥ የኛ ልብስ አንዱን አይሞላም። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የሰው አደራ። ከደረስሽ ደግሞ ያልደረስሽው ለቅሶ ይጠብቅሻል። አክስት ቤት በልተሽ አጎት ቤት ካልበላሽ ቅያሜ ነው። ባለፈው ላንጋኖ ሁለት ቀን እንረፍ ብለን ስንወጣ አሥራ አራት ሰው ተከተለን። ደስ ይላል፣ አልቅሼ ነው የምመለሰው። ግን ተመልሼ ሌላ ዕረፍት ያምረኛል። የኔ ምክር፣ የአገር ቤቱን የትኬት ገንዘብ አትንኪ። እሱ ይጠራቀም። ካንኩንን አራት ሌሊት አድርጊው። ከአራት በላይ ቡፌውም ይሰለቻል፣ ልጆቹም መነታረክ ይጀምራሉ።

መልስ፦ ከዳላስ

እህታችን ከአሌክሳንድሪያ ብዙውን ብላዋለች። እኔ ወረቀቱን ልጨምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ግሪን ካርድ ከያዛችሁ ለሜክሲኮ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። ሁለቱም ያልተቃጠሉ መሆናቸውን ግን ዛሬውኑ እዩ፤ የእናትሽን በተለይ። ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ይፈጃል። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ደግሞ አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይኖራችሁ ከአሜሪካ ብትወጡ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ነው የሚቆጠረው። ጠበቃ ሳታናግሩ ንቅንቅ እንዳትሉ። ለአራት ቀን ፑል ብሎ ጉዳዩን ማበላሸት ያሳዝናል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ስትመለስ የድንበር መኮንኑ "ልጆቹ ያንቺ ናቸው? ለምን ስማችሁ ተለያየ?" ብሎ አቆማት። ልጆቹ የኔን ስም ነው የያዙት፣ እሷ የአባቷን። እኛ ጋ ሴት ስሟን እንደማትቀይር ለማስረዳት እየሞከረች ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ከሌላው በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ የልደት ሰርተፊኬት ቅጂም አይጠላም።

መልስ፦ ከለንደን

እኔ ልቃወም። ባለፈው ዓመት አንታሊያ ሄድን። ከኤርፖርት በአውቶብስ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል በአውቶብስ ወደ ኤርፖርት። ቱርክ ሄደን ቱርክን ሳናይ መጣን። የ15 ዓመቱ ልጄ ዋይፋይ ካለበት ሎቢ አልተነሳም። ትንሹ እጁ ላይ ባሰሩለት ማሰሪያ ሁሉም ነገር ነጻ መስሎት፣ ቤት ከተመለስን በኋላ ሱቅ ገብቶ ጁስ አንስቶ ሊወጣ ነበር። የሚጣለው ምግብ ደግሞ! አንድ ጠረጴዛ ላይ የተረፈው ለኛ ሰፈር ማኅበር ዝክር ይበቃል።

እኔ የምለው ማድ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራዩ። ገበያ ውጡ፣ ዓሣ ግዙ፣ ከሰው ተጫወቱ። በጾምም አትቸገሩም። ዋጋውም ይቀንሳል። ዋጋ ካነሳን፣ እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ ርካሽ ትኬት ብላችሁ ልጆቹን ከትምህርት እንዳታስቀሩ። ከ2024 መኸር ጀምሮ ቅጣቱ ለአንድ ልጅ በእያንዳንዱ ወላጅ 80 ፓውንድ ነው፣ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160። ሁለት ልጅ፣ ሁለት ወላጅ፣ አባዙት።

ይሄን ስጽፍ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። "ዓሣውን የሚጠብሰው ማን እንደሆነም ጻፍላቸው" ብላለች። ጽፌያለሁ።

ጠያቂዋ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አነበብኩለት። የለንደኑን ሲሰማ "ልክ ነው" አለ፤ የሚስቱን ሲሰማ ዝም አለ። ሐምሌ 10 አካባቢ አራት ሌሊት ተስማምተናል፣ በአጭሩ ጎን በኩል። የአገር ቤቱ ገንዘብ አይነካም ብዬ አስምዬዋለሁ።

የቀረን እናቴ ናት። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ራቁቱን ከሚሄድ ሕዝብ መሃል ምን እሠራለሁ፤ ቤት እጠብቃለሁ" እያለች ነው። እውነት የሚከፋት ከሆነ ማስገደድ አልፈልግም። ያንቺ እናት እንዴት ሆነች? ጥላ ያለው፣ እንደ ልብ የምትቀመጥበት ቦታ ይገኛል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

የኔም እንደዚያ ነበር ያለችው። የመጀመሪያውን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። በማግስቱ ወደ ባሕሩ። በሦስተኛው ቀን ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ውሃ ውስጥ ስታስገባ አየኋት። ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች።

ሚጥሚጣና ሻሽ ያዙላት፣ ረቡዕ ካላችሁ አቮካዶው አለ። የልጆቹን ሹሩባ እዚሁ አሠርተሽ ሂጂ፤ ባሕር ዳር የሚሠሩት በዶላር ነው።

ጥላ ያለው ወንበር አለ። ግን ፈረንጆቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፎጣ አንጥፈው ይይዙታል፣ ራሳቸው የሚመጡት በአራት ሰዓት ነው። እናትሽ ለጸሎት በአሥራ አንድ ሰዓት የምትነሳ ከሆነ ለስድስታችሁም ይዛ ትጠብቃችኋለች።