ጉለሌ ያሉትን ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች በምን ልለያቸው?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ጽዱና ወይራው ላይ አረንጓዴ መሳይ ጥቃቅን ወፎች በዝተዋል። ባይኖኩላሬ 10 በ50 ነው (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር)፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ በቀኝ ዓይን ደግሞ ብዥ ይላል። ከአውሮፓ የመጡትን ከአገሬዎቹ በምን ልለይ? ስንት ሰዓትስ ልግባ?

መልስ፦ ጽድ ሥር
እህቴ፣ ብዥታው ከማስተካከያው ነው። ቀኝ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ የመሐሉን መዘውር እያዞርሽ አንድ ቅርንጫፍ በግራ ዓይንሽ አጥሪ። ከዚያ ግራውን ጨፍነሽ፣ መሐሉን ሳትነኪ የቀኙን ማያ ቀለበት ብቻ አዙሪ። ቀለበቱ ቦርሳ ውስጥ እየተነካካ ስለሚዞር ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል፤ ክርንሽን ደረትሽ ላይ አጣብቂ ወይም ግንድ ተደገፊ። ሌላ ከገዛሽ 8 በ42 ይሁን፤ ቀለል ይላል፣ ሰፋ ያለ ቦታ ያሳያል፣ ብርሃኑም ከ50ው አያንስም።

መልስ፦ ክንፍ አንባቢ
ወፎቹን በተመለከተ ከቀለም ይልቅ ጅራትና ክንፍ ተመልከቺ። ከአውሮፓ ከሚመጡት አንዱ ቺፍቻፍ ምግቡን ሲለቅም ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ይነቀንቃል፣ እግሩ ጥቁር ነው፣ ክንፉም አጭር። ሌላው የአውሮፓ እንግዳ ዊሎው ዋርብለር ጅራቱን እንደዚያ አይነቀንቅም፤ ሲያርፍ የክንፉ ጫፍ ረዝሞ ይወጣል፣ እግሩም ብዙ ጊዜ ፈዛዛ ነው። መስከረም ላይ የምታዪው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፣ ቺፍቻፍ ዘግየት ይላል። አገሬው ብራውን ውድላንድ ዋርብለር ጀርባው ቡናማ፣ ጉንጩ የዝገት ቀለም የነካው፣ የክንፉና የጅራቱ ጠርዝ ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ነው። ይህን ጠርዝ አንዴ ካየሽ አትሳሳቺም።

መልስ፦ የማለዳ ሰው
ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ ግቢ፤ በር የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂ። ባሕር ዛፉ ሥር ቁጥቋጦ ስለሌለ ጊዜሽን እዚያ አታጥፊ፤ ፍሬ ያለበት ወይራ አጠገብ ፀሐይን ከኋላሽ አድርገሽ 20 ደቂቃ ቁሚ። ፍሬ ሊበላ የሚመጣው ብላክካፕ ነው፦ ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቀይ ቡናማ ቆብ አላቸው። እባክሽ የወፍ ድምፅ ከስልክ አታጫውቺ፤ መመገቢያ ጊዜያቸውን ይሻማል። ከ4 ሰዓት በኋላ አየሩ ሲሞቅ ወደ ሰማይ ቀና በይ። ጥቅምት ላይ ከየመን ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው የሚመጡ ስቴፕ ንስሮች ያንዣብባሉ፤ በወጣቶቹ ክንፍ ሥር ርዝመቱን ይዞ የሚሄድ ነጭ መስመር አለ።

ጀማሪዋ፦ አመሰግናለሁ። እግሩ ጥላ ውስጥ ሁሉም ጥቁር መሰለኝ፤ ምን ይሻላል?

ክንፍ አንባቢ፦ ልክ ነሽ፣ ጥላ እግርን ያጠቁራል። ብርሃን ላይ እስኪወጣ ጠብቂ። ካልወጣ ጅራቱን ለአንድ ደቂቃ ተከታተዪ፤ አሁንም ካልለየልሽ ማስታወሻሽ ላይ «ዊሎው ወይም ቺፍቻፍ» ብለሽ ጻፊው።