ሞጁል ሲለያይ የሚዘገይ የሃስኬል ፕሮግራም፦ በሊንክ ጊዜ ማሻሻል ይበጀዋል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጤፍና የበቆሎ ርክክብ የሚደምር ፕሮግራም በሃስኬል የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍሁ ነው። ለማንኛውም የቁጥር ዓይነት የሚሠራውን የመደመሪያ ፋንክሽን ከዋናው ፋይል አውጥቼ ለብቻው ሞጁል ሳደርገው፣ በዚያው የማሻሻያ ደረጃ ኮምፓይል ባደርገውም (ወደ ማሽን ኮድ ብለውጠውም)፣ ፕሮግራሙ በግልጽ ዘገየ፤ የሚወስደው ሜሞሪም ጨመረ። የሲ ባለሙያዎች እንዲህ ሲገጥማቸው ማሻሻሉን ወደ ሊንክ ጊዜ፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረጉት ፋይሎች ወደሚገጣጠሙበት ደረጃ፣ ያሸጋግሩታል። እኔም ኤልኤልቪኤም በተባለው የማሽን ኮድ አመንጪ በኩል ያንኑ ባደርግ ይጠቅመኛል? ወይስ ፕሮግራሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያይ ኮምፓይለር ልፈልግ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ኤልኤልቪኤም የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፋንክሽንዎ የቁጥር ታይፕ ክላስን (መደመርና ማባዛት የሚቻልባቸውን የዳታ ዓይነቶች፣ ማለትም ታይፖች፣ ስብስብ) ስለሚጠይቅ፣ የሃስኬል ኮምፓይለር የሆነው ጂኤችሲ የመደመርንና የማባዛትን ሥራ የያዘ ዲክሽነሪ እንደ ተጨማሪ ግብዓት ያቀብለዋል። ሁሉም በአንድ ፋይል ሳለ ኮምፓይለሩ ጠሪውንም ተጠሪውንም ስለሚያይ ለኢንት (ለተራው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ብቻ የሚሆን ቅጂ ያወጣል። ሞጁሉ ሲለይ ግን የፋንክሽኑ አካል በኢንተርፌስ ፋይሉ (ኮምፓይለሩ ስለ ሞጁሉ ለሌሎች ሞጁሎች በሚያስቀምጠው መረጃ) ውስጥ ካልገባ በቀር ጠሪው የሚያየው ታይፑን ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መደመር በጠቋሚ በኩል የሚሄድ ጥሪ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ድምርም በሂፕ (ፕሮግራሙ እየሠራ ቦታ በሚወስድበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ አዲስ ቦታ ይይዛል። ኮዱ ወደ ኤልኤልቪኤም ሲወርድ ታይፖቹ ጠፍተው የሚቀረው ወደማይታወቅ አድራሻ መዝለል ነው፤ ሊንከሩ ከዚያ ተነሥቶ የጠፋውን ሊመልስ አይችልም። ለፋንክሽኑ ኢንላይነብል የሚለውን ፕራግማ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ መመሪያ) ይጻፉለት፤ አካሉ ምንም ያህል ቢረዝም ወደ ኢንተርፌስ ፋይሉ ይገባል፣ ጠሪው ሞጁልም የራሱን ቅጂ ያወጣል።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛው ጥያቄ በቸልታ መታለፍ የለበትም። ለስታንዳርድ ኤምኤል ቋንቋ የተሠራው ኤምኤልተን የተባለ ኮምፓይለር የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ በሙሉ በአንድነት አንብቦ ፋንክተሮችን (ሞጁል ተቀብለው ሞጁል የሚሰጡትን) ያስወግዳል፤ ፖሊሞርፊክ (ለብዙ ታይፖች የሚሠሩ) ፋንክሽኖችን በተጠቀሙባቸው ታይፖች ልክ ለየብቻ ይቀዳል፤ በየጥሪው ላይ የትኞቹ ፋንክሽኖች ሊደርሱ እንደሚችሉ ተንትኖም ክሎዠሮችን (ከሚያስፈልጓቸው እሴቶች ጋር የተያዙ ፋንክሽኖችን) ወደ ተራ ዳታ ይለውጣል። ኢንቲጀሮቹ (ሙሉ ቁጥሮቹ) ያለ ታግ፣ ማለትም የእሴቱን ዓይነት የሚለይ ምልክት ሳይያዝባቸው፣ የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው የኤምኤል ቤተሰብ ቋንቋ ኦካምል ግን በ64 ቢት ማሽን ላይ 63 ቢት ብቻ የሚሰጠው አንዱን ቢት ለታግ ስለሚይዝ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ አንድ መስመር ቢቀየር ሁሉም እንደ ገና ኮምፓይል ይደረጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኦካምል እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 4.03 እትሙ ፍላምዳ የተባለውን የኮድ ማሻሻያ ሲጨምር ሞጁሎችን ለየብቻ ኮምፓይል ማድረጉን ሳይተው ማሻሻሉን በሞጁሎች መካከል ማጠናከሩን ብልህነት እለዋለሁ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ለጠያቂው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ፕራግማውን በየፋንክሽኑ ላይ አይበትኑት፤ ኢንተርፌስ ፋይሎቹ ይገዝፋሉ፣ ኮምፓይል ማድረጊያውም ጊዜ ይረዝማል። ይልቁንም ጂኤችሲ ካሻሻለ በኋላ የሚያወጣውን የኮር (የኮምፓይለሩ መካከለኛ ቋንቋ) ጽሑፍ ይመልከቱ። በመደመሪያው ሉፕ ውስጥ በዶላር ምልክትና በዲ ፊደል የሚጀምር ስም ካገኙ ዲክሽነሪው አሁንም እየተቀባበለ ነው፤ በምትኩ የመደመር ምልክት ከሀሽ (#) ጋር ተጣብቆ ካዩ ግን ለኢንት የሚሆነው ቅጂ ወጥቷል። ርክክቡ በሙሉ ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ የፋንክሽኑን ታይፕ በቀጥታ ኢንት ማድረግ ከሁሉ ይቀላል።