ሞተር ከነካምቢዮው ለመጫን ምክር እፈልጋለሁ

ሰላም ወገኖች። ባለ 6 ሲሊንደር የከባድ መኪና ናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) በጭነት መኪና ላይ ልጭን ነው፤ አንድ ላይ ወደ 1,300 ኪሎ ይሆናሉ። ዘይቱና ውሃው ፈሷል፣ የቱርቦው አፍና የናፍጣ መስመሮቹ ተደፍነዋል። የቸገረኝ አቀማመጡ ነው። ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ካረፈ ቆርቆሮው ተጨራምቶ የዘይት መሳቢያውን ይዘጋል። ስለዚህ ሞተሩ በማውንቶቹ (ከሻንሲው ጋር በሚታሰርባቸው እግሮቹ) የሚቀመጥበት የብረት ፍሬም ላስበይድ አስቤያለሁ። የካምቢዮው ጫፍ ግን አየር ላይ ይቀራል፤ ከስሩ ድጋፍ ካልገባለት መኪናው ሲያንገጫግጭ ጫናው በሙሉ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው የፍሪሲዮኑ ቤት ላይ ያርፋል፣ እሱ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። ሹፌሩ «ችግር የለውም» ይላል (መቼ አለ ብለው ያውቃሉ!)። ለያይቼ ልጫን ወይስ ድጋፍ ይበቃዋል? አራቱን ማዕዘን በባለ 2 ቶን ቀበቶ ልሰር ወይስ በሰንሰለት? እንዲህ ዓይነት ፍሬም የሠራችሁ ካላችሁ የብረቱን ውፍረት ንገሩኝ።