በረቱ ከቤቱ ለምን ይበልጣል?

የማታ_ተማሪ፦
ሰላም ለቤቱ። ቀን እየሠራሁ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ዘንድሮ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ወስጄ ፍዳዬን እያየሁ ነው። አሁን የደረስነው ሎካል ከለር የሚሉት ላይ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ የየአካባቢውን አነጋገርና አኗኗር ይዘው የወጡት ታሪኮች ማለት ነው። የተሰጠን የሜሪ ዊልኪንስ ፍሪማን «የእናት አመፅ» ነው፤ በ1890 የታተመ አጭር ልብ ወለድ።

ታሪኩ አልከበደኝም። አዶናይራም ፔን የሚባል የኒው ኢንግላንድ (የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ገበሬ ሲጋቡ ለሚስቱ ለሣራ «ዓመት ሳይሞላ ቤት እሠራልሻለሁ» ብሏት ነበር። 40 ዓመት አለፈ። ቤቱ ይሠራበታል በተባለው ቦታ ላይ ሌላ በረት አቆመበት። እሱ ፈረስ ሊገዛ ቨርሞንት ሲሄድ ሣራ ጓዟን ጠቅልላ አዲሱ በረት ውስጥ ገባች።

«መቼቱ (ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ) እንዴት ተምሳሌት ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ «በረቱ የባልየው ሥልጣን ምልክት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ «ይሄ መልስ ለየትኛውም በረት ይሆናል» ብላ መለሰችልኝ። ምን ማለቷ ነው? ያ ሁሉ የጓዳና የጋጣ ገለጻስ ማሳመሪያ ነው ወይስ ሥራ አለው?

ዝም_ባይ፦
አትጨነቂ፣ በረት በረት ነው። ምልክት የሚባለው መምህራን ደሞዝ እንዲበሉበት የተፈጠረ ነገር ነው።

ናፍጣ_አመላላሽ፦
እህቴ፣ ዝም_ባይ ቀልዱን ቢሆንም ግማሽ እውነት ተናግሯል። በረት መጀመሪያ በረት ነው። መምህርሽም ያንን እያለችሽ ይመስለኛል።

እኔ ሥራዬ የማሞቂያ ናፍጣ ማመላለስ ነው። ምዕራብ ማሳቹሴትስንና ደቡብ ቨርሞንትን ስዞር እውላለሁ። ፍሪማን ራሷ ማሳቹሴትስ ተወልዳ ወጣትነቷን ብራትልቦሮ፣ ቨርሞንት ያሳለፈች ናት። መጽሐፍ የማነበው በጆሮዬ ነው፣ መሪ ይዤ። የእሷን ታሪኮች እነዚያው መንገዶች ላይ ነው የሰማኋቸው። እዚህ የቆየ የገበሬ ግቢ ስትገቢ ቤቱ ጎጆ ቢጤ ነው፣ በረቱ ግን አዳራሽ ያክላል። አንዳንዱ ጋ ቤቱና በረቱ በጣሪያ ተያይዘዋል። በዚያ በረዶ ደጅ ሳይወጡ ከብቱ ጋ ለመድረስ ነው።

ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። መሬቱ ድንጋይ ነው። ከምዕራብ በኩል እህል በቦይና በባቡር በርካሽ መምጣት ሲጀምር የዚህ አገር ገበሬ በእህል መወዳደር አቃተው። ብዙው ፊቱን ወደ ወተትና ቅቤ አዞረ። ላም ገንዘብ ሆነች። ገንዘብ ደግሞ ጥሩ ቦታ ነው የሚቀመጠው። አዶናይራም በራሱ ሂሳብ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ጓዳው ነይ። ሣራ ባሏን ጠርታ ቤቱን አንድ በአንድ የምታሳይበትን ቦታ ደግመሽ አንብቢ። መኝታ ቤቱን ትከፍትለታለች። 40 ዓመት የተኛችው፣ ልጆቿን ሁሉ የወለደችው፣ የሞቱትን ሁለቱንም ጭምር፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ቀጥላ ጓዳዋን ትከፍትለታለች። ሰሃኑም፣ ምግቡም፣ የወተት ዕቃውም የሚቀመጠው እዚያችው ጥበት ውስጥ ነው። የስድስት ላም ወተት እዚህ ውስጥ ስይዝ ኖሬያለሁ፣ አንተ ደግሞ ሌላ ላም ልትጨምርብኝ በረት ትሠራለህ ትለዋለች።

አየሽ? እዚያ አገር ላሙ የወንዱ ቢሆንም ወተቱ ቤት ከገባ በኋላ ሥራው የሴቷ ነው። መግፈፉም መናጡም። ስለዚህ አዲሱ በረት ለሣራ የተከለከለችው ቤት ብቻ አይደለም። ተጨማሪ ሥራም ነው፣ ያው እዚያችው ጓዳ ውስጥ የሚሠራ። «የባል ሥልጣን» ስትዪ ይሄ ሁሉ ያመልጥሻል። ፍሪማን ምልክት ፍለጋ ሰማይ አልወጣችም። ግቢው ውስጥ ያለውን ቆጠረች እንጂ።

ጋጣውን ደግሞ ተመልከቺ። ሣራ በረቱን የምታየው በባለሙያ ዓይን ነው። ጋጣዎቹ ፊት ብርድ ልብስ ቢጋረድ መኝታ ይወጣቸዋል። የፈረስ ዕቃ ማስቀመጫው ጭስ ማውጫ አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ ስለዚህ ማድ ቤት ይሆናል። መሃሉ ሳሎን። 40 ዓመት በአሳቧ ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ለዚህ ነው ጓዙ በአንድ ከሰዓት ተጠቅልሎ ያለቀው። ገለጻው እዚህ ጋ ባይኖር ጉዳዩ የተናደደች ሴት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ግን የላሞቹ ነገር ነው። አራት አዲስ ላሞች መጡ። ሦስቱ አሮጌው በረት ገቡ። አራተኛዋ የሣራ ምድጃ የነበረበት ቦታ ላይ ታሰረች። ቤት ለእምቦሳ ማለት ይሄኔ ነው!

የባልየውን አፍም አትለፊው። ስትለምነው መልሱ አንድ ነው፦ «የምለው ነገር የለኝም።» የዚያ አገር ሰው ቃል ቆጣቢ ነው፣ ዛሬም። ናፍጣ ሞልቼ ስወጣ እጁን ከፍ ካደረገልኝ ብዙ አወራን ማለት ነው። አዶናይራም መጨረሻ ላይ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተናጋሪ ሰው ቢሆን ኖሮ ለቅሶው ያን ያህል አይከብድም ነበር።

የማታ_ተማሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ጓዳውን ዘልዬው ነበር፣ እውነቴን ነው። የማነጻጽርበት ሁለተኛ ታሪክም መምረጥ አለብኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

የባሕር_ዳርቻ፦
የሣራ ኦርን ጁወትን «ነጯ የረግረግ ወፍ» ውሰጂ። 1886 ነው፣ ቦታው ሜይን። ሲልቪያ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ይመጣል። ወፍ አጥኚ ነው፣ እየገደለ ቆዳዋን ሞልቶ ያስቀምጣል። የነጯን ወፍ ጎጆ ላሳየኝ 10 ዶላር እሰጣለሁ ይላል። ለድሃ ቤት 10 ዶላር ቀላል አይደለም። ልጅቷ ጎህ ሳይቀድ ረጅም ጥድ ላይ ወጥታ ጎጆውን ታያለች። ግን አትናገርም።

ሁሉም ስለ ወፏ ይጽፋል። አንቺ ስለ ጥዱ ጻፊ። እንጨት ቆራጮች ጓደኞቹን ሁሉ ጨርሰው እሱ ብቻውን ቀርቷል። ሜይን ደግሞ በእንጨት ንግድ የኖረ አገር ነው። ልጅቷ ወፏን የምታየው ከመጥረቢያ በተረፈ ዛፍ ላይ ሆና ነው። ጠመንጃው ሲመጣ ለምን ዝም እንዳለች ዛፉ ግማሹን ይነግርሻል።

የወይን_ሐረግ፦
እኔ ግን ከሰሜን ውጡ እላለሁ። ይህ ዘውግ ጣፋጭ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ታሪኮች የሚታተሙት ቦስተንና ኒውዮርክ በሚወጡ መጽሔቶች ላይ ነበር። የከተማ አንባቢ የሩቅ ገጠር ሽታ ይፈልጋል። ከደቡብ ለዚህ ገበያ የቀረበው አንዱ ነገር የባርነትን ዘመን በናፍቆት የሚያወራ ታሪክ ነበር። አሮጌው አገልጋይ «ያ ደግ ጌታዬ» እያለ ይተርካል።

ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ቻርልስ ቼስነት ያንን መልክ ወስዶ ገለበጠው። 1887 ላይ አትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ላይ የወጣውን የተደገመበት ወይን ታሪክ ፈልጊ። ቦታው ሰሜን ካሮላይና ነው። ተራኪው ጁሊየስ፣ ነጻ የወጣ ሽማግሌ፣ ከኦሃዮ ወይን እርሻ ሊገዛ ለመጣ ነጭ ያወራል። ሄንሪ የሚባል ባሪያ በድግምቱ ምክንያት ከወይኑ ጋር አብሮ ያብባል፣ አብሮ ይጠወልጋል። ሄንሪ በጸደይ ሲጠነክር ጌታው በውድ ይሸጠዋል፣ ሲጠወልግ በርካሽ መልሶ ይገዛዋል። ሰው እንደ ምርት በየወቅቱ ዋጋ ይወጣለታል። ጁሊየስ ይህን የሚያወራው ደግሞ ገዢውን ለማስፈራራት ነው፤ ከዚያ ወይን እሱ ራሱ ገቢ ነበረው። እዚህ ታሪክ ላይ የአካባቢው አነጋገር መደራደሪያ ነው።

የማታ_ተማሪ፦
ቼስነትን ወሰድኩ። አንድ ነገር ግን ረበሸኝ። ፍሪማን ራሷ በ1917 ስለ «የእናት አመፅ» ጽፋ «ታሪኩ እውነት አይደለም፣ እንደዚያች ያለ ሴት ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ኖራ አታውቅም» ብላለች ይባላል። ታዲያ የአካባቢ እውነት የት ሄደ?

ናፍጣ_አመላላሽ፦
ብላለች፣ ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት ላይ። ግን የካደችውን በደንብ ለይተሽ እይው። በረቱን አልካደችም። የጊዜው ሴቶች ሀብቱን ከሚበላው ሰው ይልቅ የሀብቱ ምንጭ የተሻለ ቤት ይገባዋል በሚለው ከባሎቻቸው ጋር ይስማሙ ነበር ነው የምትለው። ይህ ደግሞ የአዶናይራምን ሂሳብ ማረጋገጥ ነው። የካደችው ደፍራ የምትገባ ሴት መኖሯን ነው።

እኔ በዚህ አልስማማትም። ጓዳውን ያን ያህል ያወቀ ሰው ሣራን ከሜዳ አላመጣትም። ደራሲ ስለ ሥራው የሚለው ሁሉ ፍርድ አይደለም፣ በተለይ ከ27 ዓመት በኋላ። ምክሬ ግን ይሄን ነገር መጨረሻ ላይ እንዳትለጥፊው ነው። መግቢያሽ ላይ አምጪውና ከእሷው ጋር ተከራከሪ። ከዚያ ጓዳውን ክፈቺላቸው።