የእናቴ ጉልበት ኦፕራሲዮን፦ አንዱ ድረ ገጽ 5 ኮከብ ሲል ሌላው «ሲ» ይላል፣ የቱን ልመን?

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፤ በሰው ሠራሽ ነው የሚቀየርላት። ሐኪሟ ሁለት ሆስፒታል ይሠራል፣ የሚመቻችሁን ምረጡ አለን። እኔም ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ላነጻጽር ስል ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንደኛው በሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) የሆስፒታል ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ፣ በኬር ኮምፔር፣ 5 ኮከብ አለው፤ ሊፕፍሮግ የሚባለው ለሆስፒታሎች ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ግን «ሲ» ሰጥቶታል፣ «ኤ» ነው ትልቁ። ሁለተኛው ሜዲኬር ላይ 3 ኮከብ፣ ሊፕፍሮግ ላይ «ኤ»። ጎግል ላይ ያለው አስተያየት ደግሞ ግማሹ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። እንዴት እንዲህ ይራራቃሉ? የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ።

ነርስ_ቲጂ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ሥራዬ እነዚህ ድረ ገጾች ላይ ከሚወጣው መረጃ ጋር ነው፣ እና ሁለቱም አልዋሹም። የሚመዝኑት ነገር ነው የሚለያየው። የሜዲኬር ኮከብ ሞትን፣ ደህንነትን፣ ከወጡ በኋላ ተመልሶ መተኛትን፣ የታካሚ አስተያየትንና ሕክምናው በሰዓቱ መሰጠቱን ደባልቆ የሚወጣ ነው። የልብ ድካሙም የሳንባ ምቹም እዚያው ውስጥ አለ፤ የእናትህ ጉልበት ከዚያ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ነው። ሊፕፍሮግ ትኩረቱ ደህንነት ላይ ብቻ ነው፦ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዝ ኢንፌክሽን፣ ታካሚ መውደቁ፣ ሰውነት ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ዕቃ፣ የእጅ ንጽሕና።
ስለዚህ ጠቅላላውን ኮከብ ተወውና ወደ ውስጥ ግባ። ኬር ኮምፔር ላይ ሆስፒታሉን ስትከፍት ስለ ዳሌና ጉልበት ቅየራ ለብቻው የተጻፈ መስመር አለ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ችግር የገጠማቸውን በመቶኛ ያሳያል። የገባው ጉልበት ኢንፌክሽን ቢይዝ ወይም ቢበላሽ እስከ 90 ቀን ይቆጠርበታል። ቁጥሩ የሚመጣው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የሜዲኬር ታካሚዎች ስለሆነ ለእናትህ ዕድሜ ልክ ነው። ግን አብዛኛው ሆስፒታል «ከአገር አቀፉ አማካይ የተለየ አይደለም» የሚል ነው የሚወጣለት። ያለፉ ዓመታት ድምር ስለሆነም ዛሬ ዋርዱ ውስጥ ስንት ነርስ እንዳለ አይነግርህም።

አቤሎ፦
እኔ እነዚህን ደረጃዎች ብዙም አላምናቸውም። በ2015 ሄልዝ አፌርስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አራት ደረጃ ሰጪዎችን አነጻጽሮ፣ በአራቱም ከፍተኛ የተባለ አንድም ሆስፒታል አላገኘም። በዚያ ላይ ሆስፒታሎቹ ባጁን፣ ማለትም የደረጃውን ምልክት፣ ማስታወቂያቸው ላይ ለመለጠፍ ይከፍላሉ። ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቀው፦ በዓመት ስንት ጉልበት ትቀይራለህ? አብዛኛውን የምትሠራው የትኛው ሆስፒታል ነው? የለመደው ቡድን ያለበት ጋ ሂዱ።

ነርስ_ቲጂ፦
@አቤሎ ጥያቄህ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው። ክፍያው ግን ባጁን ለመጠቀም ነው፣ ደረጃውን አይገዛም። ሊፕፍሮግ መጥፎ ደረጃ ያገኘውንም ሆስፒታል ስሙን ያወጣዋል።

እማ_አሌክሳንድሪያ፦
ልጄ፣ እናትህ እንግሊዝኛ ይችላሉ? ካልቻሉ ኮከቡን ከመቁጠርህ በፊት ስለ አስተርጓሚ ጠይቅ። የታካሚ አስተያየት የሚሰበሰብበት የመንግሥት መጠይቅ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በዓረብኛም አለ፣ በአማርኛ የለም። ስለዚህ የእኛ እናቶች እዚያ ኮከብ ውስጥ ድምፃቸው የለም ማለት ይቻላል። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው፣ ሕግ ነው፤ «ልጅህ ያስተርጉም» ካሉህ እሺ እንዳትል። ሕመሙ የት እንደሚብስ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ እናት ራሷ በቋንቋዋ ካልሰማች ቤት ስትመለስ ነው ጣጣው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሁን ገብቼ አየሁት። በጉልበት መስመር ሁለቱም «ከአማካዩ የተለየ አይደለም» ናቸው። «ሲ» ያገኘው ግን ኤምአርኤስኤ በሚባለው ብዙ አንቲባዮቲክ በማይበግረው ባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከሌሎች ብሶ ተገኝቷል፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። እማዬ ስኳርም አለባት።

ነርስ_ቲጂ፦
ስኳር ካለባቸውማ እኔ ብሆን ለኢንፌክሽኑ ነበር ትልቅ ክብደት የምሰጠው። ሐኪሙን ስትደውልለት ሁለት ነገር ጨምርበት፦ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አፍንጫቸው ውስጥ ኤምአርኤስኤ መኖሩን ይመረምራሉ ወይ? ስኳራቸውስ ከስንት በታች እስኪወርድ ነው የሚጠበቀው? ሁለቱም ሆስፒታል ላይ አሠራሩ አንድ ዓይነት መሆኑን ይንገርህ። መልሱን እዚህ ጻፍልን።