ሂሳብ በቴሌግራም፦ ልጆቹ መረዳታቸውን በምን ልወቅ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሂሳብ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ።

የ12ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ስለተዘጋ ተማሪዎቼን ከቤቴ ሆኜ አስተምራለሁ። ዙም አልሆነልንም፤ ነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል፣ የልጆቹንም ዳታ ይጨርሳል። ብዙዎቹ የሚማሩት በወላጅ ስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ቤት የሚገባው ማታ ነው። ስለዚህ ደብተር ላይ ሠርቼ ፎቶ አነሳና ማብራሪያውን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም እልካለሁ።

ለሴኩዌንስ (ለቁጥሮች ቅደም ተከተል) ይህ በቂ ነበር። ካልኩለስ ስንጀምር ግን ተቸገርን። ሴካንቱ (ኩርባውን ሁለት ነጥብ ላይ የሚቆርጠው መስመር) ወደ ታንጀንት (ኩርባውን አንድ ነጥብ ላይ ወደሚነካው መስመር) ሲጠጋ እየሳሉ ካላሳዩት በፎቶ አይገባም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ጠመኔ ይዤ ፊታቸውን አያለሁ፤ ያልገባው ልጅ ገና ሳይናገር ያስታውቃል። አሁን «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «አዎ ቲቸር» ይላሉ፤ የቤት ሥራው ሲመጣ ግን የአንዱ መልስ ከነስህተቱ ሁሉም ጋ አለ። አልፈርድባቸውም፤ የሚጠይቁት ሰው አጠገባቸው የለም። ብሔራዊ ፈተናው ግን አይጠብቃቸውም፣ እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

ያለኝ ተራ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። እጄ ሲጽፍ የሚያሳይ፣ መጠኑ ትንሽ የሆነ ቪዲዮ እንዴት ልቅረጽ? የቴሌግራም ኩዊዝ መልሱን እንጂ አሠራሩን አያሳየኝም፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ያሰበውን የማይበት ዘዴ ያላችሁ፣ በተለይ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሞከራችሁት፣ እባካችሁ ንገሩኝ።